ለቅሶው ካበቃ በኋላ ስለሚቀረው ሥራ፦ በሞት የተለዩንን የጥበብ ሰዎች በተመለከተ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን
ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ ያረፉ የጥበብ ሰዎችን ሥራ አሰባስቦ፣ ጠብቆና መዝግቦ ለሕዝብ ስለማቅረብ

ክቡራትና ክቡራን ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ዘፋኝም ተዋናይም ሳልሆን፣ ሌሎች ሲዘፍኑ፣ ሲተርኩና ሲተውኑ እያዳመጥሁና እያየሁ ያደግሁ አንድ አድናቂ ሆኜ ነው። ባለፉት ዓመታት የሙዚቃችንን፣ የቴአትራችንንና የሬዲዮናችንን ታላላቅ ሰዎች ተራ በተራ ሸኝተናል። እያንዳንዱ ሞት ሲሰማ የሚሆነውም እየተመሳሰለ መጥቷል። ቴሌቪዥኑ የሟቹን የሕይወት ታሪክ በጥቂት ደቂቃ ያነብባል፤ ሬዲዮው ሁለት ወይም ሦስት የታወቁ ዘፈኖቹን ደጋግሞ ያሰማል፤ ማኅበራዊ ሚዲያው በፎቶግራፍና በሻማ ምስል ይሞላል፤ የቀብሩ ሥርዓት በቀጥታ ይተላለፋል፤ ሣልስቱ ሳይወጣ ግን ስለ ሥራዎቹ የሚነገረው ሁሉ ይቆማል። ሽኝቱ በክብር እንደሚፈጸም አይቻለሁ፤ ስለዚያም እንደ አንድ ዜጋ አመሰግናለሁ። ልጠይቃችሁ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ስለሚቀረው ሥራ ነው፤ ይኸውም ሟቹ በሕይወት ዘመኑ የሠራው ሁሉ ተሰብስቦ፣ የማን የማን እንደሆነ ተጽፎበት፣ በጥሩ ቅጂ ተጠብቆ፣ ለሚወደው ሕዝብ እንዲደርስ የማድረግ ሥራ ነው።

የ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ከአእምሮዬ አይወጡም። ማዲንጎ አፈወርቅ ያረፈው መስከረም 17 ቀን፣ የመስቀል በዓል በሚከበርበት ዕለት ነበር። የእሱ አርባ በሚቆጠርበት ሰሞን፣ ጥቅምት 27 ቀን፣ የዓሊ ቢራ መርዶ ደረሰ። ዓመቱ ሳይወጣ በግንቦት ሒሩት በቀለን አጣን፤ በተከታዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሙሉቀን መለሰ ለረጅም ዘመን በኖረበት በአሜሪካ አረፈ። ከእነሱ አስቀድሞ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ አለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን ሲለየን፣ ሸክላውን አሳትሞ ለሕዝብ ያደረሰለት አምሃ እሸቴ ያረፈው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መድረኩን ይዞ የነበረው ትውልድ፣ በሕይወት ያሉት አባላቱ ሰማንያን የተሻገሩ ወይም የተጠጉ በመሆናቸው፣ ይህ ዓይነቱ ለቅሶ በሚመጡት ዓመታት እየቀነሰ እንደማይሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

አንዳንድ ሰው በአካል አግኝቶት ለማያውቀው ዘፋኝ የሚያለቅስ አድናቂ ሲያይ ይገረማል። ለዚህ ግርምት መልስ መስጠት እፈልጋለሁ፤ የማቀርብላችሁ ጥያቄ ሁሉ የቆመው በዚህ መልስ ላይ ነውና። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ በዓሉ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቀብሩ በመንግሥት ደረጃ ሲፈጸም ካለቀሰው ሕዝብ ውስጥ አብዛኛው ከጥላሁን ጋር አንድም ቀን ተነጋግሮ አያውቅም ነበር። ነገር ግን የእሱ ድምፅ በየሰዉ ቤት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኖሯል፤ አንዱ ሲዳር ተዘፍኗል፣ ሌላው አገር ጥሎ ሲሄድ በሻንጣው ውስጥ በካሴት አብሮት ተጉዟል፣ ሦስተኛው አባቱን ሲያስታውስ የሚታየው ሬዲዮ ሥር አንገቱን ደፍቶ ጥላሁንን ሲያዳምጥ ነው። ሰው ያለፈ ዘመኑን የሚይዝበት ነገር ይፈልጋል። ብዙዎቻችን ዓመተ ምሕረቱን ረስተን «እገሌ ይህን ዘፈን ባወጣበት ዓመት» እያልን ነው የራሳችንን ታሪክ የምንናገረው። ስለዚህ ዘፋኙ ሲሞት የምናለቅሰው ለእሱም ለራሳችንም ነው፤ በድምፁ የያዝነው የሕይወታችን ክፍል ባለቤቱን ሲያጣ ይሰማናል።

ይህ ትርጉም ለሁሉም አድማጭ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ክብደቱም እንደ ሰዉ ይለያያል። ዓሊ ቢራን ውሰዱ። በድሬዳዋ በ1950ዎቹ በተመሠረተው በአፍራን ቀሎ ቡድን ውስጥ ገና በልጅነቱ ሲዘፍን፣ አፋን ኦሮሞ በዘመናዊ መሣሪያ ታጅቦ ሲዘፈን መስማት ብርቅ በነበረበት ዘመን ነበር። በእነዚያ ዓመታት እሱን ያዳመጠ ኦሮሞ ወጣት የሰማው ዜማ ብቻ አልነበረም፤ እናቱ በቤት የምትናገረው ቋንቋ በአደባባይ ሊከበር እንደሚችል ሰምቷል። ዓሊ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛም ዘፍኗል፤ ስለዚህ ሲሞት ያዘነለት ሕዝብ በቋንቋ ሳይወሰን ከብዙ አቅጣጫ የመጣ ነበር። አንድ ጋዜጠኛ በዜና ላይ «ታዋቂው ድምፃዊ አረፈ» ብሎ ሲያልፍ ይህ ሁሉ ይዘለላል። የዓሊ የመጀመሪያ ዘመን ቅጂዎች ከነቋንቋቸው፣ ከነዘመናቸውና ከነአጃቢዎቻቸው ተሰብስበው ቢቀመጡ ግን፣ ወደፊት የሚመጣ አድማጭ ለምን እንደተለቀሰ ማንም ሳይነግረው ራሱ ይረዳዋል።

በጌታቸው መኩሪያ ላይም እንዲሁ ነው። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ያረፈው ይህ ሳክስፎን ተጫዋች ሽለላንና ፉከራን፣ ማለትም በአንደበት ብቻ ይባል የነበረውን የጀግና ድምፅ፣ በሳክስፎን እንዲነገር አደረገ። ግጥም በሌለበት የትንፋሽ መሣሪያ ውስጥ አቅራሪውን መስማት ይቻላል። በስተርጅናው ከኔዘርላንድስ ባንድ ጋር ተጣምሮ ሲጫወት፣ ከኢትዮጵያ ውጭ ያለ፣ ቋንቋችንን የማይሰማ አድማጭ ሳይቀር ተከትሎታል። እኔ እንደማምነው፣ የጌታቸው አንድ ጥሩ ቅጂ ስለ እሱ ከሚነገሩ መቶ የአድናቆት ንግግሮች የበለጠ ያስረዳል።

ስለ አባባ ተስፋዬ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሠርት ዓመታት ለልጆች ተረት የተናገሩ፣ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ በየቤቱ ያለ ሕፃን ቆሞ መልስ የሚሰጣቸው ሰው ነበሩ። ከዚያ አስቀድሞ ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው የተጫወቱ የቴአትር ሰውም ናቸው። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሱላቸው ሰዎች ሽማግሌዎችም ወጣቶችም ነበሩ፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ሰው ተረት ያደጉበት ቤት በአገራችን ጥቂት አይደለምና። አባባ ተስፋዬ ለእኛ የነበራቸው ትርጉም በቀላሉ ይገለጻል፤ ሕፃን ልጅን «ልጆች» ብሎ በአክብሮት ያናገረ ትልቅ ሰው በቴሌቪዥን ላይ ያየነው መጀመሪያ እሳቸውን ነበር። ዛሬ የአምስት ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ የእሳቸውን ተረቶች በቅደም ተከተል፣ በጥሩ ድምፅና ምስል ለልጁ ሊያሳይ ቢፈልግ የት ይሄዳል? ከፊሉን አንድ አድናቂ ከቤቱ ቪዲዮ ካሴት ገልብጦ፣ ግማሹ ተቆርጦ፣ በላዩ ላይ የሌላ ሰው ማስታወቂያ ተለጥፎበት ያገኘዋል። ይህን ያደረገውን አድናቂ አልወቅስም፤ የቻለውን አድርጓል። የጎደለው ሊሟላ የሚችለው ግን ዋናው ቅጂ ባለበት ቦታ ነው።

ድምፅ በእርግጥ ከተጠበቀ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ወጋየሁ ንጋቱን ማሰብ ይበቃል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከበት ቅጂ እስከ ዛሬ ይደመጣል፤ ወጋየሁ ካረፈ በኋላ የተወለዱ ሰዎች መጽሐፉን ከፍተው ሲያነብቡ የገጸ ባሕርያቱን ድምፅ የሚሰሙት በእሱ አንደበት ነው። በአንድ ሰው ትንፋሽ፣ በአንድ ሰው ቆም ማለትና ፈጠን ማለት አንድ ታላቅ ልቦለድ ለማንበብ ላልቻለ ሕዝብ ጭምር ደረሰ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ያረፈው ፈቃዱ ተክለማርያምም ከመድረክና ከፊልም ሥራው ጎን ለጎን በዚህ የትረካ መንገድ ላይ የቆመ፣ ድምፁ ከርቀት የሚለይ ሰው ነበር። ስለ ወጋየሁ ለልጆቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም፤ ቅጂውን ማሰማት ይበቃል። ለሌሎቹም የምጠይቀው ይኸው ዕድል እንዲሰጣቸው ነው።

ነሐሴ 2005 ዓ.ም. ናይሮቢ ለሕክምና በሄደበት ያረፈው እዮብ መኮንን በሕይወት ሳለ ለሕዝብ ያደረሰው አንድ አልበም ብቻ ነበር። ሁለተኛው የወጣው ካረፈ ከዓመታት በኋላ ነው። ያን አልበም ያዳመጠ አድናቂ ምን እንደተሰማው በቃላት ማስቀመጥ ያስቸግራል፤ ከእንግዲህ አዲስ ነገር አይሰማበትም ያሉት ሰው እንደገና ሲዘፍን መስማት ነው። ይህ የሆነው የቀረጻቸውን ዘፈኖች የጠበቀና ለመጨረስ የደከመ ሰው ስለነበረ ነው። በአንድ ዘፋኝ ላይ የተቻለው በአገር ደረጃ እንዳይቻል የሚያደርግ ምክንያት አላይም።

ጥያቄዬን ከማስቀመጤ በፊት፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ጉዳይ ላነሣ እወዳለሁ። ሒሩት በቀለና ሙሉቀን መለሰ ሁለቱም በዝናቸው ከፍታ ላይ ከነበሩበት የዓለማዊ ሙዚቃ ወጥተው ቀሪ ዘመናቸውን በመንፈሳዊ ዝማሬ ያገለገሉ ሰዎች ናቸው። አድናቂዎቻቸው ግን የቀድሞ ዘፈኖቻቸውን መውደድ አላቆሙም፤ ሲያርፉም ሬዲዮኖች ያሰሙት በአብዛኛው እነዚያኑ ነው። በአንድ በኩል ዘፈኑ ከአድማጩ ሕይወት ጋር ስለተሰፋ ዘፋኙ ስለተወው ብቻ ከአድማጩ ሊነጠል አይችልም። በሌላ በኩል ሰውየው ወይም ሴትየዋ ግማሽ ዕድሜያቸውን የሰጡለትን እምነትና የዘመሩትን መዝሙር እንዳልነበረ አድርጎ መሸኘት ክብር አይደለም። እኔ የሚታየኝ ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም የሕይወታቸውን ክፍሎች በአንድ መዝገብ ውስጥ ማኖር፣ መቼና ለምን እንደተለወጡ በራሳቸው ቃል የተናገሩትን አብሮ ማስቀመጥ፣ በሙት ዓመታቸውም ዝማሬያቸውን ሳይዘሉ ማቅረብ ነው። ይህን ዓይነቱን ጥንቃቄ አንድ የስልክ መተግበሪያ ሊያደርገው አይችልም፤ ኃላፊነት ያለበት ተቋም ይፈልጋል።

አሁን ስለ አደጋው በግልጽ ልናገር። ድምፅና ምስል የተቀመጠባቸው ነገሮች ሁሉ ያረጃሉ። ሸክላ በተጫወተ ቁጥር ይቧጨራል፤ ካሴት ይላላል፤ በሪል ቴፕ ላይ ደግሞ ድምፁን የያዘውን መግነጢሳዊ ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር የሚያገናኘው ማጣበቂያ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ይበላሻል፤ እንዲህ የሆነ ቴፕ መሣሪያው ላይ ሲዞር እየተጣበቀና እየተላጠ የያዘውን ድምፅ ይዞ ይሄዳል። ከቴፑ እኩል የሚያሳስበው የማጫወቻው መሣሪያ ነው፤ መለዋወጫው አይመረትም፣ የሚጠግነውም ባለሙያ ዕድሜው እየገፋ ነው። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ በ2019 እ.ኤ.አ. ለዓለም ባሰማው ጥሪ፣ በየአገሩ ባሉ ቴፖች ላይ የሚገኘውን ለመገልበጥ የሚያስችለው ጊዜ 2025 እ.ኤ.አ. ገደማ ላይ እንደሚያበቃ ባለሙያዎች መስማማታቸውን አስታውቆ ነበር። ያ ዓመት ደርሷል። ችግሩ የደሃ አገር ችግር ብቻም አይደለም፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በሆሊውድ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮዎች ቅጥር ውስጥ በተነሣ ቃጠሎ የታላላቅ አሜሪካውያን ሙዚቀኞች ዋና ቅጂዎች ጠፍተዋል፤ የጉዳቱን ስፋት ሕዝቡ የሰማው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ቅጂ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ እንዳላስቀመጡ የሚቆጠር መሆኑን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው። በእጃችሁ ያለው ቴፕ፣ ሸክላ፣ ካሴትና ፊልም፣ ያረፉትንና በዕድሜ የገፉትን የጥበብ ሰዎች ሥራ በማስቀደም፣ ከላይ የጠቀስሁት የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር በሚመክረው ደረጃ ይገልበጥ፤ ይኸውም ለድምፅ፣ የዲጂታል ቅጂ ጥራት በሚገለጽበት መለኪያ፣ በ24 ቢትና ቢያንስ በ48 ኪሎኸርዝ፣ ቢቻል በ96 ኪሎኸርዝ ነው። ለሕዝብ የሚለቀቀው ታምቆ ያነሰ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ግን ሳይታመቅ፣ ቢያንስ በሁለት የተራራቁ ቦታዎች ይቀመጥ። በዘመናችን ጆሮ «ጫጫታ» የሚመስለውን ለማጽዳት ሲባል ዋናው ቅጂ እንዳይነካ አደራ እላለሁ፤ ዛሬ ጫጫታ ነው ብለን የቆረጥነው ነገ የአዳራሹን ድምፅና የተመልካቹን ጭብጨባ የሚፈልግ አጥኚ የሚያዝንበት ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ለእኔ ከመጀመሪያው የማያንሰው፣ ስለ ስም ነው። በሬዲዮ ዘፈን ሲሰማ የዘፋኙ ስም ብቻ ይጠራል፤ አንዳንድ ጊዜም እሱ ራሱ አይጠራም። ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ያቀናበረው፣ ሳክስፎኑን የነፋው፣ ከበሮውን የመታው ሳይታወቅ ይቀራል። ከጥላሁንና ከብዙነሽ በቀለ ድምፅ ጀርባ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነበረ፤ በኦርኬስትራው ውስጥ እንደ ሳህሌ ደጋጎ ያሉ የዜማና የቅንብር ሰዎች ነበሩ። ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል፣ ሙዚቃ ደርሷል፣ አቀናብሯል። አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ላይ በመጣ አደጋ አለማየሁን ጨምሮ የአንድ ትውልድን ድምፅ ለሕዝብ አደረሰ። የአምሃ የሸክላ ማሳተሚያ ድርጅት ከ1961 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ብቻ ቢሠራም፣ ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» የሚለው ሙዚቃ ጥቂት የማይባለው ክፍል በዚያ ተቀርጿል። አምሃ ሲያርፍ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ አድማጭ ብዙ ነው፤ የሚወዳቸውን ዘፈኖች ያዳመጠው ግን በእሱ ምክንያት ነበር።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በፈረንሳይ የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ይህን ሙዚቃ ከነማብራሪያው፣ ከነሙዚቀኞቹ ስም አሰባስቦ ለዓለም አቅርቧል፤ ለዚህ ሥራ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ነገር ግን የዘፈኖቹን ግጥም የሚሰማ፣ ዘፋኞቹን በአካል የሚያውቅ፣ የኦርኬስትራዎቹን መዝገብ በእጁ የያዘ አገር የራሱን ዝርዝር በራሱ ቋንቋ ቢያዘጋጅ፣ የሚወጣው ሥራ የበለጠ የተሟላ እንደሚሆን አምናለሁ።

የስም ጉዳይ የአድናቆት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኑሮ ጉዳይም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው፣ ማለትም ለግጥምና ለዜማ ደራሲው፣ በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተደረገው ማሻሻያም የሮያሊቲ ክፍያ፣ ማለትም ሥራው ጥቅም ላይ ሲውል ለባለመብቱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ በጋራ የሚሰበሰብበትን መንገድ ከፍቷል። ይሁንና ደራሲው ማን እንደሆነ በመዝገብ ላይ ከሌለ ገንዘቡ ለማን ይከፈላል? የሟቹ ልጆች መብታቸውን በምን ያስረዳሉ? አንድ የጥበብ ሰው ታሞ ለሕክምናው ገንዘብ እንዲዋጣ በየመገናኛ ብዙኃኑ ሲለመን ማየት የተለመደ ሆኗል። ሕዝቡ ከልቡ ይሰጣል፤ መስጠቱም ፍቅሩን ያሳያል። ነገር ግን ዘፈኑ በየቀኑ የሚሰማ ሰው ለመድኃኒቱ ልመና ላይ መውደቁ ያሳፍረኛል፤ ሥራዎቹ በትክክል ተመዝግበው ቢሆን ኖሮ ከለመነው ገንዘብ ቢያንስ ከፊሉ ቀድሞውኑ የራሱ ነበር።

ሦስተኛው ስለ ሕያዋኑ ነው። በዓል ሲመጣ አንጋፋ ሙዚቀኞችና ተዋንያን ወደ ስቱዲዮ ይጋበዛሉ፤ ሦስት ወይም አራት ጥያቄ ይጠየቃሉ፤ አንድ ዘፈን ይዘፍናሉ፤ ሰዓቱ ያልቃል። እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ግን ማንም ያልጻፈው ታሪክ ነው፤ ኦርኬስትራዎቹ እንዴት ይለማመዱ እንደነበር፣ ግጥም ለሳንሱር ምርመራ ሲቀርብ የትኛው ስንኝ እንደተሰረዘ፣ የትኛው ዜማ ከየትኛው አገር ቤት እንደተወሰደ፣ ከሰዓት እላፊ በኋላ በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ የሚዘፈንበት ምሽት ምን ይመስል እንደነበር። ጊዜ የተሰጠው፣ በደንብ የተዘጋጀ፣ ለማሰራጨት ሳይሆን ለመዝገብ የሚቀረጽ ረጅም ቃለ ምልልስ ከእያንዳንዳቸው ጋር ይደረግ። ጠያቂው ሥራቸውን አስቀድሞ ያዳመጠ ይሁን። የሚሰጡትን ምስክርነት በሕይወት ሳሉ እንዳይወጣ ከፈለጉም ፈቃዳቸው ይጠበቅ።

እዚህ ላይ የሐሰት መርዶን ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። በባህላችን መርዶ በጥንቃቄ የሚነገር ነገር ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጊዜው ተመርጦ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ታስቦ ይነገራል። ዛሬ ግን በሕይወት ያለ አርቲስት «አረፈ» ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ይለጠፋል፤ ልጆቹ ከባሕር ማዶ እየጮኹ ይደውላሉ፤ አዛውንቱም የራሳቸውን ሞት ያነብባሉ። እውነተኛ ሞት በሆነ ጊዜም ቤተሰቡ ሳይሰማ አገር ይሰማዋል። የሕዝብ መገናኛ ብዙኃን ቤተሰቡ ሳያረጋግጥ የማንንም ሞት ላለመናገር በይፋ ቃል ቢገቡ፣ ቢያንስ አድናቂው ዜናውን የሚያረጋግጥበት አንድ የታመነ ቦታ ያገኛል።

አድናቂዎችም ባዶ እጃችንን አይደለንም። በየቤቱ ከሬዲዮ የተቀዱ ካሴቶች፣ የቴአትር መግቢያ ትኬቶችና ፕሮግራሞች፣ ከመድረክ ጀርባ የተነሡ ፎቶግራፎች፣ በካኪ ከረጢት የተጠቀለሉ ሸክላዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል ሌላ ቦታ ቅጂው የሌለ ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው አይሰጥም፤ ከሰጠ እንደማይመለስለት ስለሚፈራ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባም በክልል ከተሞችም፣ ባለቤቱ ፊት የሚገለብጥ፣ ዕቃውን በዚያው ዕለት የሚመልስ፣ የሰጪውን ስም በመዝገብ ላይ የሚያሰፍርና አንድ ዲጂታል ቅጂ ለባለቤቱ የሚሰጥ አገልግሎት ቢዘጋጅ፣ ሕዝቡ ሰልፍ ይዞ እንደሚመጣ አልጠራጠርም። የብሔራዊ ቴአትርንና የሀገር ፍቅር ቴአትርን ጡረተኞች ለዚህ ሥራ ብትጋብዟቸው፣ በፎቶግራፍ ላይ ያለውን ፊት በስሙ የሚጠራላችሁ ሰው ታገኛላችሁ፤ ይህ ዕውቀት ከእነሱ ጋር ሳይቀበር ሊጻፍ የሚችልበት ጊዜ አጭር ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት እንደማያልቅ አውቃለሁ፤ በጀትና የሠለጠነ ሰው እንደሚጠይቅም እረዳለሁ። የምጠይቀው በትንሹ እንዲጀመር ነው። በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን ገደማ የዓለም የድምፅና የምስል ቅርስ ቀን ይከበራል። በሚመጣው በዚህ ቀን፣ ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች በጋራ፣ በእጃችሁ ያሉትን የዓሊ ቢራን፣ የአለማየሁ እሸቴን፣ የሒሩት በቀለን፣ የሙሉቀን መለሰን፣ የማዲንጎ አፈወርቅን፣ የአባባ ተስፋዬንና የፈቃዱ ተክለማርያምን ቅጂዎች ዝርዝር፣ የተቀረጹበትን ዘመንና የተሳተፉበትን ሰዎች ስም ጨምሮ፣ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ እንድታወጡልን በአክብሮት እለምናለሁ። ዝርዝሩ ጎዶሎ ቢሆን ቅር አንሰኝም፤ የጎደለውን ስም የምናውቅ አድናቂዎች እየጻፍን እንልክላችኋለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የጥበብ አድናቂ